አራት ፊደል፣ ብዙ ድምፅ

እንግሊዝኛ ስንማር ብዙዎቻችንን ግራ የሚያጋቡ አራት ፊደላት አሉ፦ ኦ፣ ዩ፣ ጂ እና ኤች። ተከታትለው ሲጻፉ ቋሚ ድምፅ የላቸውም። «ታፍ» ማለት ጠንካራ ወይም አስቸጋሪ፣ «ኢናፍ» ደግሞ በቂ ነው፤ ሁለቱም በ«ፍ» ያልቃሉ። ሳል ማለት የሆነው «ኮፍ»ም እንዲሁ፣ አናባቢው ግን ሌላ ነው። «ዶው» ሊጥ ነው፤ እዚህ «ፍ» የለችም። «ባው» ደግሞ የዛፍ ቅርንጫፍ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ጥንት ጂ እና ኤች አብረው ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ይወክሉ ነበር። ያ ድምፅ ቀስ በቀስ ከአንዳንዱ ቃል ጨርሶ ጠፋ፤ በሌላው ወደ «ፍ» ተቀየረ። አጻጻፉ ግን ባለበት ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1476 ዊልያም ካክስተን የማተሚያ መሣሪያ ወደ እንግሊዝ ካመጣ በኋላ፣ የድሮው አጻጻፍ በመጽሐፍ እየታተመ ጸና። እኛም «ሐ»ን እና «ኀ»ን አንድ ዓይነት እያነበብን ለያይተን እንጽፋቸው የለ? ነገሩ ተመሳሳይ ነው።

ስለዚህ አጠራሩን ከፊደሉ ለመገመት አትድከሙ፤ ቃሉን ከነድምፁ ያዙት። በተለይ «ዞው» እና «ስሩ» ላይ ጠንቀቅ በሉ። የመጀመሪያው «ምንም እንኳ»፣ ሁለተኛው «በውስጥ አልፎ» ማለት ነው። በጽሑፍ የምትለያቸው አንዲት አር ብቻ ናት።