ፔሬድ፣ ስኩባ ዳይቪንግና ሻርክ፦ ከጣና ዳር ሲታይ

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቁጭ ብሎ ስለ ሻርክ ማውራት ትንሽ ያስቃል። ጣና ውስጥ ሻርክ የለም። ወሬው ግን አለ። አንዲት የከተማዋ ልጅ ጅቡቲ ወይም ግብፅ ሄዳ ባሕር ልትጠልቅ ነው ከተባለ፣ "ፔሬድሽ ቢመጣስ? ሻርክ ደም ይሸታል እኮ!" የሚላት አይጠፋም።

ስኩባ ዳይቪንግ አየር የታመቀበት ሲሊንደር በጀርባ አዝሎ፣ ከእሱ እየተነፈሱ ውሃ ስር መቆየት ነው። ብዙ ሰው ሲሊንደሩን "ኦክስጅን" ይለዋል። ለመዝናኛ የሚጠልቅ ሰው የሚይዘው ግን ብዙውን ጊዜ ተራ አየር ነው፤ እኔና እርስዎ አሁን የምንተነፍሰው። አብዛኛው ናይትሮጅን ነው። ይቺን ነገር ይያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ የደሙ መጠን። አንዲት ሴት በአንድ የወር አበባ የሚፈሳት ደም በአማካይ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ የቡና ሲኒ እንኳ አይሞላም። ያውም በአራትና በአምስት ቀን ተከፋፍሎ። ጠላቂዋ ውሃ ውስጥ የምትቆየው ደግሞ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። በዚያ ሰዓት የሚወጣው ጥቂት ጠብታ ነው፤ እሱም ታምፖን ወይም የወር አበባ ኩባያ ካደረገች ውሃውን አያገኘውም።

ጣና ዳር ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሲገፈፍና ሲበለት ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ሰውዬው እጁን ውሃው ውስጥ ሲያለቀልቅ ቀይ ጭረት ይታያል። ክንድ ያህል ሳይሄድ ይጠፋል። ፔሊካኖቹ ግን አጠገቡ ተኮልኩለው አፋቸውን ከፍተዋል። የመጡት ለደሙ አይደለም፤ ሰውዬው ለሚወረውረው ሆድ ዕቃ ነው። ትናንትም ወርውሯል፣ ዛሬም እንደሚወረውር ያውቃሉ።

ሻርክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ማሽተቱ እውነት ነው፣ አፍንጫው ጎበዝ ነው። ግን ሽታው በውሃ ፍሰት ተጉዞ እሱ ዘንድ መድረስ አለበት። ደረሰም ማለት ሰው ሊነክስ ተነሳ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2010 ግብፅ ውስጥ ሻርም ኤል ሼክ ላይ ሻርክ አንዲት ጀርመናዊት ገድሎ ሌሎችን አቁስሎ ነበር። ያኔ በምክንያትነት ከተነሱት ነገሮች መካከል ከመርከብ ባሕር ውስጥ የተጣለ የበግ ሬሳ፣ ለሻርክ ምግብ የሚወረውሩ ሰዎችና ከልክ ያለፈ ዓሣ ማስገር ይገኙበታል። የማንም ፔሬድ አልተነሳም።

እ.ኤ.አ. በ1958 የተጀመረ፣ አሁን አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ የሚገኝ፣ እንዲህ ያሉ አደጋዎችን የሚይዝ ዓለም አቀፍ የሻርክ ጥቃት መዝገብ አለ። ሰው ሳይነካካው ሻርክ የነከሰበት አጋጣሚ በመላው ዓለም በዓመት 60 ገደማ ነው። ከተነከሱት ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው። ሴቶች በፔሬድ ሰሞን ይበልጥ እንደሚነከሱ የሚያሳይ ማስረጃም አልተገኘም።

ታዲያ ፍርሃቱ ከየት መጣ? ግማሹ ከፊልም ይመስለኛል። ግማሹ ግን የቤታችን ነው። ፔሬድ ላይ ያለች ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፣ ጠበል አትጠመቅም፤ ወንዝ ዳር ልክፍት አለ እየተባለም አድገናል። ደምና ውሃ አንድ ላይ ሲነሱ ልባችን ቀድሞ ይደነግጣል። (የጣናዎቹ ገዳማት ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስማ ፔሬድ ኖረም አልኖረም ሴት አይገባም። እሱ ሌላ ወሬ ነው።)

ለእኛ ቅርብ ከሆኑት የሻርክ ደጆች አንዱ የጅቡቲው ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ እዚያ ይመጣል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ምግቡ ከውሃ እያጠለለ የሚውጠው ጥቃቅን ነፍሳት ነው። ሰዎች አጠገቡ ሊዋኙ ከፍለው ይሄዳሉ።

እንግዲህ ወደ ጣና። ቡል ሻርክ የሚባለው ዝርያ ጨው አልባ ውሃ ይችላል፤ በአማዞን ወንዝ ሺዎች ኪሎ ሜትር ሽቅብ ሄዶ ተገኝቷል። ጣና ግን ከታች በጢስ ዓባይ ተዘግቷል። ፏፏቴው 40 ሜትር ገደማ ነው፣ ዓሣ ሽቅብ አይወጣውም። ሌላ ቦታ የሌሉ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ሐይቁ ውስጥ ሊፈጠሩ የቻሉትም በዚሁ መነጠል ነው። ጣና ውስጥ መፈራት ያለበት ጉማሬ ነው፤ በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ። ቀጥሎ ብልሃርዝያ፤ ዳር ዳሩን ሣር በበዛበት ውሃ የገባ ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፣ ወንድ ሴት አይመርጥም። ውሃውም ድፍርስ ነው፣ በክረምት ይብሳል። ከ15 ሜትር ብዙ የማይጠልቅ ሐይቅ ቢሆንም፣ እጅዎን ማየት ካልቻሉ ጥልቀቱ ምን ያደርጋል?

ፔሬድ ላይ መጥለቅ ይቻላል ወይ ለሚለው፣ አዎ ይቻላል። ሞዴስ አይሆንም፣ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ሆዷን የሚቆርጣት ወይም ደም በዝቶባት የምትደክም ሴት ግን ያን ቀን ብትተወው ይሻላል፤ ማንም ሰው ሲያመው እንደሚተወው ማለት ነው። አንዳንድ ጥናቶች በወር አበባ የመጀመሪያ ቀናት የጠላቂዎች ሕመም ትንሽ ከፍ ሊል እንደሚችል ጠቁመዋል፤ ጉዳዩ ግን አልተቋጨም። ስለዚህ ብዙ ጠላቂዎች በዚያ ሰሞን ጥልቀትና ሰዓት ቀነስ ያደርጋሉ፣ ውሃም ደህና አድርገው ይጠጣሉ።

የጠላቂዎች ሕመም ያልኩትን የሚያመጣው ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ናይትሮጅን ነው። ጥልቀት ውስጥ ደም ውስጥ ይሟሟል፤ ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ ይሠራል። መገጣጠሚያ ያሳምማል፣ ሲብስ ሽባ ያደርጋል። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው 80 በመቶ ያህል ነው። በየጥልቀቱ ስንት ሰዓት መቆየት እንደሚቻል የሚነግሩት ሠንጠረዦች የተሠሩት ለባሕር ጠረፍ ስለሆነ፣ ከባሕር ወለል ከ300 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ቦታ ለሚጠልቅ ሰው ይስተካከላሉ።

ባሕር ጠልቆ ወደ አገር ቤት ለሚመለስም ይኸው ነው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ላይ ካለው ጋር ይቀራረባል። አንድ ጊዜ ቀላል ጥልቀት የገባ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት ይጠብቃል፤ ደጋግሞ የገባ 18። ከጅቡቲ በመኪና ወይም በባቡር ደጋውን የሚወጣ ሰው ስላልበረረ ብቻ አያመልጥም። ሻንጣዋን ይዛ መናኸሪያ የቆመችውን ልጅ ስለ ፔሬዷ ከመጠየቅ፣ ከውሃ የወጣችው በስንት ሰዓት እንደሆነ መጠየቅ ይሻላል።