«ኤሬሽን» እና «ኦቨርሲዲንግ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ቤት የገዛ ሰው ክረምቱ ሳይገባ በሩ ላይ «ኤሬሽንና ኦቨርሲዲንግ» የሚል የግቢ ሣር እንክብካቤ ማስታወቂያ ተንጠልጥሎ ማግኘቱ አይቀርም። ብዙዎች አንድ ሥራ ይመስሏቸዋል። ሁለት ናቸው።

ኤሬሽን የተጠቀጠቀን አፈር ማስተንፈስ ነው። ማሽኑ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ የአፈር ቁራጮችን እየነቀለ ሣሩ ላይ ይጥላል። ግቢው ፍየል የዋለበት ይመስላል፤ ግን አይጥረጉት፣ በዝናብ ፈርሶ ይመለሳል። ሹል ብረት ያለው ጫማ አድርጎ መራመድ እዚህ አይቆጠርም፤ አፈር ስለማያወጣ የቀዳዳውን ዙሪያ ይብሱን ይጠቀጥቀዋል።

ኦቨርሲዲንግ ነባሩን ሣር ሳይገለብጡ በላዩ ዘር መበተን ነው። ኤሬሽን የሚቀድመው ዘሩ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ አፈር እንዲነካ ነው፤ ሣር ላይ የቀረ ዘር የወፍ ቀለብ ነው። እዚያ ለተለመደው ቶል ፌስኪው ለሚባለው የሣር ዓይነት ምርጡ ጊዜ ሴፕቴምበር ነው፤ አፈሩ ገና ሞቃት፣ አየሩ ግን ቀዝቀዝ ያለ ነው። እስኪበቅል ድረስ፣ ማለትም ከ7 እስከ 14 ቀን አካባቢ፣ ላዩ እንዳይደርቅ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ውኃ ያጠጡ።

አንድ ወጥመድ አለ፦ አረም እንዳይበቅል የሚረጨው ፕሪኢመርጀንት አብዛኛውን ጊዜ የሣሩም ዘር እንዳይበቅል ያደርጋል። በቅርቡ ረጭተው ከሆነ ዘር ከመግዛትዎ በፊት የመድኃኒቱን መመሪያ ያንብቡ።