ከተራ እና የፋሲል ባሕረ ጥምቀት፦ ለሦስት ቀን የሚሞላ ገንዳ

የጎንደሩ የፋሲል ባሕረ ጥምቀት ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ ነው። በሌላ ወር የመጣ ሰው የሚያየው ባዶ የድንጋይ ገንዳ፣ መሐሉ ላይ በድልድይ የሚገባበት ባለ ፎቅ ግንብ፣ ዙሪያውን ደግሞ የግቢውን አጥር እንደ ጣት ጨብጠው የያዙ የዛፍ ሥሮች ነው። እነዚያን ሥሮች ቀረብ ብሎ ማየት ደስ ይላል። ድንጋዩና ሥሩ ከመጣበቃቸው የተነሣ የቱ የቱን ደግፎ እንደቆመ አይለይም።

በአገሩ ሰው አነጋገር ቦታውን ያሠሩት ዐፄ ፋሲለደስ (1624–1660 ዓ.ም.) ናቸው። ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. የቆረቆሩትም እርሳቸው ናቸው።

ጥር ሲቃረብ ከቀሃ ወንዝ ውኃ ተጠልፎ ወደ ገንዳው ይገባል። የዋዜማው ስም «ከተራ» ከዚሁ ሥራ ጋር ይሄዳል፤ «ከተረ» ማለት ውኃን ገደበ፣ አቆመ ማለት ነው። ስለዚህ በዓሉ የሚጀምረው ወራጅ ውኃን ለጥቂት ቀን «ቆይ» በማለት ነው። ለእኔ የጥምቀት ውበት ሁሉ እዚህች ቃል ውስጥ አለ።

ጥር 10 ከሰዓት በኋላ ታቦታት ከየደብራቸው ወጥተው ይወርዳሉ። ጎንደር የአቋቋም፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ዝማሬና ሽብሸባ፣ አገር ናትና ሊቃውንቱ በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ ሲያሸበሽቡ ሰዓቱ አይታወቅም። ከፊት ወጣቶች ቀይ ምንጣፍ ያነጥፋሉ። ታቦቱ ያለፈበትን ከኋላ እየጠቀለሉ፣ ተሸክመው እየሮጡ እንደገና ከፊት ይዘረጉታል። አንዱ ምንጣፍ መንገዱን ሁሉ ይበቃል። ላባቸው በግንባራቸው እየወረደ ሲሮጡ ያየ ሰው ልቡ ይነካል፤ ምንጣፉ ከታቦቱ ተሸካሚ እግር ሥር የሚቆየው እኮ ለአፍታ ነው።

ሌሊቱ በማኅሌትና በጸሎት ያልፋል። ብዙ ሰው እዚያው ነጠላውን ተከናንቦ ያድራል። ጎሕ ሲቀድ ይቀደሳል፣ ካህናቱ ውኃውን ይባርካሉ፣ ከዚያም ይረጫል። ልጆችና ጎረምሶች ዘለው ይገባሉ፤ ያልደረሰው «እኔንም! እኔንም!» እያለ እጁን ይዘረጋል። ሽማግሌውም፣ ተማሪውም፣ ከሩቅ አገር የመጣው እንግዳም እኩል ይረጥባል። ማን ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ይህ ዳግም መጠመቅ አይደለም። በጸሎተ ሃይማኖት «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት» ይባላል፤ ጥምቀት አንዲት ናት። የጥር 11 ርጭት ጌታ በዮርዳኖስ መጠመቁን ማሰቢያና በረከት መቀበያ ነው። የሚታደሰው ሰውየው ነው፤ የቂም፣ የድካም፣ የዓመት ሸክም ያለበት ሰውየው።

መታደስ ለዚህች ከተማ የወሬ ነገር አይደለም። በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጠፍተዋል፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት አንዷ ናት። ነገሥታቱ አልፈዋል፣ ከግንቦቹም አንዳንዶቹ ጣሪያ የላቸውም። ጥምቀቱ ግን ቀጥሏል። የፋሲል ግቢና አካባቢው በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ፤ የጥምቀት በዓል ራሱ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የማይዳሰስ ቅርስ ሆነ።

ሃይማኖታዊው ሥርዓት ካለቀ በኋላ ጭፈራው ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላልና የሚያምረው ሁሉ በዚያ ቀን ይወጣል። ሎሚ መወርወርም የቆየ ወግ ነው፤ ብዙ ትዳር ከዚያ ተጀምሯል።

አብዛኞቹ ታቦታት ጥር 11 ይመለሳሉ። ቅዱስ ሚካኤል በቃና ዘገሊላ፣ ጥር 12፣ በእልልታ ይሸኛል። ያን ቀን ማታ ምንጣፉ ለመጨረሻ ጊዜ ይጠቀለላል። ውኃውም ከቀናት በኋላ ተለቆ፣ የገንዳው ወለል ፀሐይ እየመታው ይደርቃል።