የምስል ቅንብር ምንድን ነው? የተቃውሞ ፎቶስ ጉልበቱን ከየት ያመጣል?

አንድ ዓመት ታላቁ ሩጫ ላይ ስልኬን ከፍ አድርጌ ፎቶ ሳነሳ ዋልኩ። ቤት ገብቼ ሳየው አርባ ምናምን ፎቶ፣ ሁሉም ማጅራት። ያ ሁሉ ጭፈራ፣ ያ ሁሉ ሰው አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ እንደ ጎርፍ ሲወርድ የነበረው ነገር የለም። ጓደኛዬ ግን መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ወጥቶ ያነሳት አንዲት ፎቶ ነበረችው። በቲሸርቱ ባሕር መሃል ነጭ ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት ቆመዋል። በቃ ይኸው ነው። የእሱን ያየ ሁሉ «ውይ!» ይላል፤ የእኔን ያየ «ይሄ ደግሞ ማነው?» ብሎ ያልፋል።

በካሜራ ከሆነ የእኔ ስልክ ይበልጥ ነበር። እሱ የበለጠኝ በቅንብር ነው።

ቅንብር የሚለውን ቃል ከዘፈን እናውቀዋለን። የድሮ ካሴት ሽፋን ላይ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ ይላል። ግጥምና ዜማው ያው ሆኖ አቀናባሪው ሲቀየር ዘፈኑ ሌላ ዘፈን ይሆናል፤ የትኛው መሣሪያ ይቅደም፣ የቱ ጋ ዝም ይባል የሚለውን የሚወስነው እሱ ነዋ። ፎቶ አንሺዎች ኮምፖዚሽን የሚሉትም ይህንኑ ነው። ከፊታችን ካለው ነገር ሁሉ ምኑ ፍሬም ውስጥ ይግባ፣ ምኑ ይቅር፣ የገባውስ የት ይቀመጥ? መስመር፣ ብርሃን፣ ቀለም፣ ባዶ ቦታ፣ የትልቅና የትንሽ ልዩነት፣ እነዚህ ናቸው መሣሪያዎቹ።

ተቃውሞ ሰልፍ ላይ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ሠርግ አይደለም፣ «እስቲ ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ በሉልኝ» አይባልም። ፎቶ አንሺው ማዘዝ የሚችለው የራሱን እግር ብቻ ነው። የት ልቁም? ከላይ ወይስ ከታች? ከቅርብ ወይስ ከሩቅ?

ለዚህ ከቤጂንግ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1989፣ ጦሩ የቲያናንመን አደባባይን ተቃውሞ በጥይት በበተነ ማግስት፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ አንድ ሰው ፌስታል አንጠልጥሎ ታንኮች ፊት ቆመ። የዜና ወኪሉ አሶሼትድ ፕሬስ ፎቶ አንሺ ጄፍ ዋይድነር ቤጂንግ ሆቴል ሰገነት ላይ ሆኖ ከላይ፣ ከሩቅ፣ የሩቁን አቅርቦ በሚያሳይ ረዥም ሌንስ አነሳው። ረዥም ሌንስ ርቀትን ያጨማድዳል፤ ስለዚህ አራቱ ታንኮች ተጠጋግተው እንደ አንድ ረዥም አውሬ ይታያሉ። ከላይ ከቀኝ ተነስተው ወደ ታች ወደ ግራ ሰያፍ መስመር ሠርተዋል። ዓይናችን ደግሞ መስመር ካገኘ መከተል ይወዳል፤ ታንክ በታንክ እየወረደ ሄዶ ሄዶ መጨረሻው ላይ ያንን ትንሽ ሰው ያገኘዋል። በዙሪያው አስፋልት ብቻ ነው። ፊቱ አይታይም፣ ማንነቱም እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልታወቀም። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ፌስታሉ ነው። ባንዲራ ይዞ ቢሆን ታጋይ እንለው ነበር። ፌስታል የያዘ ሰው ግን ከገበያ የሚመለስ ጎረቤታችን ነው፣ አጎታችን ነው።

አሁን ነገሩን የሚያጣፍጠው ክፍል መጣ። በዚያችው ሰዓት የዚሁ የአሶሼትድ ፕሬስ ባልደረባ የነበረው ቴሪል ጆንስ ታች መንገዱ ላይ ነበር። እሱም ፎቶ አነሳ። ከፊት ሰዎች ጎንበስ ብለው ሲሮጡ ይታያሉ፤ ታንኮቹ ከሩቅ ይመጣሉ፤ እዚያ ኋላ፣ በግራ በኩል፣ ያው ሰውዬ ቀጥ ብሎ ቆሞ እየጠበቃቸው ነው። ጆንስ ራሱ ሰውዬው ፎቶው ውስጥ እንዳለ ያስተዋለው ቆይቶ ነው። ለሕዝብ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ2009፣ ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ሰውዬው ያው፣ ድፍረቱ ያው፣ ታንኩ ያው። አንደኛው ዓለምን ዞረ፣ ሌላኛው «እስቲ ፈልጉት» ካልተባለ አይታይም። እውነቱን ለመናገር የጆንስን ፎቶ እኔም የማየው እንደ እንቆቅልሽ ነው፣ ግን አንዴ ካገኛችሁት አይለቃችሁም፤ ሌላው ሁሉ ሲሸሽ እሱ ብቻ አለመሸሹን የሚያሳየው ይሄኛው ነውና።

የዋይድነር ፎቶ ላይ ትልቁን ሥራ የሠራው ባዶው አስፋልት ነው። ጀማሪ ባዶ ቦታ ሲያይ «ኧረ ይሙላ» ይላል፣ እኔም ታላቁ ሩጫ ላይ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። የተቃውሞ ፎቶ ላይ ግን በሁለት ወገን መካከል ያለች ባዶ ቦታ ከመፈክር በላይ ትናገራለች። የአሜሪካዋን ከተማ ባተን ሩዥን እንውሰድ። ሉዊዚያና ውስጥ ፖሊሶች አልተን ስተርሊንግ የተባለውን ጥቁር አሜሪካዊ በገደሉ በአራተኛው ቀን፣ ጁላይ 9 ቀን 2016፣ ነርሷ አይሺያ ኤቫንስ አውራ ጎዳናው ላይ ቆመች። ለሮይተርስ ይሠራ የነበረው ጆናታን ባክማን አነሳት። በአንድ ወገን እሷ ብቻዋን፣ ስስ ረዥም ቀሚስ ለብሳ፣ ነፋስ ቀሚሷን እያወዛወዘው። በሌላው ወገን ከራስ እስከ እግራቸው ጥቁር መከላከያ የለበሱ ፖሊሶች ግድግዳ። ከመሃል ሁለቱ ሮጠው ሊይዟት ደርሰዋል። ልብ ብላችሁ እዩት፤ እሷ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብላለች፣ እነሱ ግን ሚዛናቸውን ስተው ወደ ኋላ ያዘነበሉ ይመስላሉ። ገፍታቸው አይደለም፣ እንዲያውም በቀጣዩ ሰከንድ ያዟት። ካሜራው የቆረጣት ቅጽበት ግን እንደዚያ አደረገቻቸው። ፎቶው በቀጣዩ ዓመት ወርልድ ፕረስ ፎቶ በተባለው ዓለም አቀፍ የዜና ፎቶ ውድድር ላይ ሽልማት አግኝቷል።

ለእኛ ቅርብ ከሆነው ሰፈር ደግሞ ካርቱም አለች። ኤፕሪል 2019፣ የሱዳኑ ፕሬዚዳንት አልበሽር ከሥልጣን ሊወርዱ ቀናት ሲቀራቸው፣ የ22 ዓመቷ አላ ሳላህ መኪና ላይ ወጥታ ጣቷን ወደ ሰማይ ቀስራ ታዜማለች። ፎቶውን ያነሳችው ላና ሃሩን ናት፣ በስልኳ። ከታች ያለው ሰው ጠቆር ብሎ ሲታይ የልጅቷ ነጭ ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡት ልብስ፣ ያበራል። ነጠላ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ እናት ያለችው ሰው ነጭ ጨርቅ በሕዝብ መሃል ዓይን እንዴት እንደሚስብ አይነገረውም። የጆሮዋ ወርቅ ያብለጨልጫል። ዙሪያውን ደግሞ ሰዉ ሁሉ ስልኩን ወደ እሷ ቀስሯል፤ እያንዳንዱ ስልክ «ወደዚህ እይ» የሚል ትንሽ ቀስት ሆኗል። ስልክ ብዙውን ጊዜ ፎቶ ያበላሻል፣ እዚህ ግን ሥራ ይዟል።

ቅርጽም አለ። ፈይሳ ሌሊሳ ኦገስት 21 ቀን 2016 ሪዮ ላይ ማራቶኑን ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ ክንዶቹን ከራሱ በላይ አጣመረ፤ በኦሮሚያ የነበረው ተቃውሞ ምልክት ነበር። ምልክቱን የማያውቅ ሰው እንኳ የሆነ ነገር «አይሆንም» እየተባለ እንደሆነ ይገባዋል። የታሰረ እጅም ይመስላል። ቅርጹ ቀላል ስለሆነ ምስሉ የጥፍር ያህል ቢያንስም ይነበባል፣ ፎቶን በስልክ ለሚያይ ትውልድ ደግሞ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ የማይመች ነገር ልጨምር። ቅንብር ማለት ማስቀረትም ነው። ባተን ሩዥ ላይ ኤቫንስ ብቻዋን አልነበረችም፤ ሌሎች ሰልፈኞችና ፎቶ አንሺዎች ከፍሬሙ ውጪ፣ መንገድ ዳር ነበሩ። ባክማን ዋሸ ማለቴ አይደለም፣ መሃል አስፋልቱ ላይ በዚያች ቅጽበት የሆነው ያ ነው። ግን በዚሁ ጥበብ ሃምሳ ሰው እንደ ሺህ ሊመስል ይችላል፣ ሺሁም እንደ ሃምሳ። ካሜራውን ዝቅ አድርጎ በረዥም ሌንስ ሲያነሱት ሰዉ ይታጨቃል፤ ከላይ ሰፋ አድርገው ሲያነሱት ይሳሳል። ፌስቡክ ላይ «ሕዝቡ ነቅሎ ወጣ» የሚል ፎቶ ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ጠርዙን ነው፤ ሰዉ ፍሬሙ ስላለቀ ነው ያለቀው ወይስ ቀድሞ አልቋል?

መሞከር ከፈለጋችሁ የዋይድነርን ፎቶ ስልካችሁ ላይ ክፈቱና ሰውዬውን በአውራ ጣታችሁ ሸፍኑት። አራት ታንክ በሰፊ መንገድ፣ ልክ ትራፊክ መብራት እንደያዛቸው። አሁን ጣታችሁን አንሱ።