ኢንሹራንስ «ቶታል ሎስ» ሲላችሁ ስንት ነው የሚከፈላችሁ?

መኪናችሁ ሀረጎ ቁልቁለት ላይ ተገልብጣ «ቶታል ሎስ» ከተባለች፣ ማለትም የማሰሪያ ወጪዋ ከዋጋዋ አንጻር የማያዋጣ ከሆነ፣ ብዙ ሰው ፖሊሲው ላይ የተጻፈውን ብር እንዳለ የሚያገኝ ይመስለዋል፣ እንደዛ አይደለም። የሚታየው ከአደጋው በፊት የነበራት የገበያ ዋጋ ነው፣ የተጻፈው ብር ጣሪያ ብቻ ነው። ቪትዟ በ2 ሚሊዮን ተመዝግባ ገበያው 1.6 ከሆነ የምታገኙት 1.6 ነው፣ በ1 ሚሊዮን አስገብታችኋት ገበያው 1.6 ቢደርስ ግን ከ1 ሚሊዮን አያልፍም፣ በጣም የሚያናድደው ይሄ ነው፤ ውሉ ሲታደስ ዋጋውን አሳድጉት በናታችሁ። ግምቱ ካነሰባችሁ የመጨረሻ ክፍያ ፎርሙ ላይ ቶሎ አትፈርሙ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ያው ሞዴልና ዓመተ ምህረት ስንት እየተሸጠ እንደሆነ አሰባስባችሁ፣ የሰርቪስና የጎማ ደረሰኝ ጨምራችሁ በጽሁፍ ጠይቁ። ኤክሰሱ፣ ማለትም በውሉ መሰረት ከጉዳቱ እናንተ ራሳችሁ የምትሸፍኑት ድርሻ፣ ይቀነሳል። ስብርባሪውን ራሳችሁ ካስቀራችሁ የሱም ዋጋ ይቀነሳል፣ ስንት ብለው እንደገመቱት ሳታዩ እሺ እንዳትሉ።