ጡረታ ላይ ግብር አለ እንዴ?

ደብረ ብርሃን የምታስተምረው ታላቅ እህቴ የደመወዝ ወረቀቷን ይዛ መጣች። ጣቷን «ጡረታ» የሚለው ዓምድ ላይ አድርጋ፣ «ግብሩ የሚሰላው ይሄ ከተቀነሰ በኋላ ነው አይደል?» አለችኝ። አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ጥቅማ ጥቅሙን እንተወውና ደመወዝሽ 10,000 ብር ነው እንበል። ግብሩ የሚሰላው ከሙሉው 10,000 ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም በተሻሻለው ሕግ 1,650 ብር ይሆናል። ጡረታው፣ 7 በመቶው፣ 700 ብር ለብቻው ይቆረጣል። እጅሽ የሚገባው 7,650 ብር ነው። ጡረታው ቀድሞ ቢቀነስ ኖሮ ግብሩ 1,475 ብር ይሆን ነበር። ልዩነቱ በየወሩ 175 ብር ነው። ለአስተማሪ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

መንግሥት በበኩሉ 11 በመቶ ያዋጣልሻል። እሱ ላይ ግብር አትከፍዪም።

በ60 ዓመትሽ ጡረታ ስትወጪ ደግሞ የወር አበልሽ ከገቢ ግብር ነፃ ነው። ይሄ ተገቢ ነው እላለሁ፤ የራስሽ 7 በመቶ ገና ሲዋጣ ግብር ተከፍሎበታልና። የ175 ብሯ ነገር ግን ቢታሰብበት ደስ ይለኛል።