ዜድ/28 ካማሮ (1967–1969)፦ ከፋብሪካ የወጣውን በኋላ ከተሠራው መለየት

ዜድ/28 የአሜሪካው ሼቭሮሌት ለውድድር ብሎ ካማሮ በሚባለው መኪናው ላይ ያወጣው የመሣሪያ ጥቅል ነው። ስሙ መጀመሪያ ላይ የክብር ስም አልነበረም፤ ጥቅሉ በማዘዣ ቅጹ ላይ የተመዘገበበት ተራ ኮድ ነበር። በሦስቱ የመጀመሪያ የሞዴል ዓመታት 602፣ 7,199 እና 20,302 ተሠርተዋል፤ በእነዚያው ዓመታት ከወጡት 700 ሺህ የሚጠጉ ካማሮዎች ውስጥ ማለት ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ተራው ካማሮና ዜድ/28 አካላቸው አንድ ነው፤ ልዩ ያደረጉት ዕቃዎች በብሎን የሚታሰሩ ሲሆኑ፣ ዛሬ አብዛኞቹ አዲስ ተመርተው ይሸጣሉ። ተራውን ዜድ/28 አስመስሎ የመሸጥ ችግር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

መኪናው የተወለደው በትራንስ-አም ውድድር ደንብ ምክንያት ነው። ደንቡ ከ305 ኪዩቢክ ኢንች (5 ሊትር) በላይ የሆነ ሞተር አይፈቅድም ነበር። የሼቭሮሌቱ ቪንስ ፒጊንስ የባለ 327 ኪዩቢክ ኢንች ሞተርን ብሎክ ከባለ 283ቱ ክራንክሻፍት ጋር የሚያገናኘውን ሐሳብ አቀረበ፤ 4 ኢንች የሲሊንደር ስፋትና 3 ኢንች የፒስተን ጉዞ ተዳምረው 302 ኪዩቢክ ኢንች ሰጡ። በወረቀት ላይ 290 የፈረስ ጉልበት ተባለ፤ ሞተሩን የሚያውቅ ሰው ግን ይህን ቁጥር እንደ ጨዋ ትሕትና ነው የሚያየው። የሮጀር ፔንስኬ ቡድን በማርክ ዶናሂው አሽከርካሪነት በ1968 እና በ1969 ሻምፒዮናውን ለሼቭሮሌት አስገኝቷል።

የ1967ቱ ጥቂት ነው፤ የዜድ/28 አርማም የለውም። በ1968 መጀመሪያ ላይ ፓራፋንጎው ላይ «302» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ፣ በዚያው ዓመት የጸደይ ወራት «ዜድ/28» ተተካ። ስለዚህ የ1967 መኪና ላይ የዜድ/28 አርማ ከታየ ሰው የጨመረው ነው። ከዚህ በታች ያለው በብዛት የ1969ኙን ይመለከታል፤ ማስረጃው የሚበዛውም፣ የሚጭበረበረውም እሱ ነው።

የሻንሲ ቁጥር

ቁጥሩ 13 ሆሄ አለው። በ1967 በሹፌሩ በር ማጠፊያ በኩል ባለው ምሰሶ ላይ፣ ከ1968 ጀምሮ በዳሽቦርዱ ላይ በፊት መስታወቱ በኩል ይታያል። ለምሳሌ 124379ኤን500001 ሲነበብ፦ 1 ሼቭሮሌት፣ 24 ባለ ስምንት ሲሊንደር ካማሮ፣ 37 ጣሪያው የማይታጠፍ ባለ ሁለት በር፣ 9 የ1969 ሞዴል፣ ኤን የኖርውድ (ኦሃዮ) ፋብሪካ፣ ቀሪው ተራ ቁጥር። ከካሊፎርኒያው ቫን ናይስ የወጣ ከሆነ በኤን ቦታ ኤል ይገባል። ከ24 ይልቅ 23 ካለ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነበር፤ ምርመራው እዚያ ላይ ያበቃል። 67 ካለ ጣሪያው የሚታጠፍ ነው፤ ዜድ/28 በዚህ ዓይነት አልተሸጠም። በ1968 ለሼቭሮሌት ኃላፊው ፒት ኤስቴስ የተሠራው አንዱ ብቻ የሚታወቅ ልዩ ነው።

ከዚህ ያለፈ ይህ ቁጥር አይናገርም። ዜድ/28ም ሆነ ኤስኤስ (ሱፐር ስፖርት፣ ሌላው የካማሮ ጥቅል) መሆኑን ከሻንሲ ቁጥር ማወቅ አይቻልም፤ «ቁጥሩ ዜድ/28 ይላል» የሚል ሻጭ ወይ አያውቅም ወይ ያውቃል። የቁጥሩ ሳህን የተያዘበት ሪቬት የአበባ ቅርጽ ያለው መሆን አለበት፤ ክብ ተራ ሪቬት ከሆነ ሳህኑ ተነቅሎ ነበር ማለት ነው። የቁጥሩ ከፊል ቅጂ ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው የአየር ማስገቢያ ሽፋን ስርና ከማሞቂያው ሳጥን ጀርባም በብረቱ ላይ ተመትቷል። ሳጥኑን መፍታት ጊዜ ይወስዳል፤ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ግን የሚገባ ሥራ ነው።

የአካል መለያ ሳህን

በሞተሩና በጋቢናው መካከል ባለው ግድግዳ ላይ፣ በሹፌሩ በኩል ያለ ትንሽ ሳህን ነው። የአካል ቁጥር፣ የወንበር ቀለም (711 ጥቁር ቪኒል)፣ የውጭ ቀለም (72 ሃገር ኦሬንጅ፣ 71 ለማን ሰማያዊ) እና የተሠራበት ወርና ሳምንት አሉት፦ 03ቢ ማለት የማርች ሁለተኛ ሳምንት ነው። የአካል ቁጥሩ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር አንድ አይደለም፤ ሳህን ነቅሎ ወደ ሌላ መኪና ማዛወር የሚቀለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ኖርውድ ከዲሴምበር 1968 አካባቢ ጀምሮ በሳህኑ ላይ የኤክስ ኮድ (በኤክስ የሚጀምር ኮድ) ጨመረ። ኤክስ33 የውጭ ጌጥ ያለው ዜድ/28፣ ኤክስ77 ጌጥ የሌለው ዜድ/28 ነው። ኤክስ11 ብዙ ጊዜ «ኤስኤስ ነው» ተብሎ ይሸጣል፤ በራሱ ግን የሚያረጋግጠው ጌጡን ብቻ ነው። ኤክስ44 ተራ መኪና ነው፤ ይህን ሳህን ይዞ ዜድ/28 ነኝ የሚል መኪና ለክርክር አይበቃም።

የ1969 ሞዴል ምርት የ1970ው ሞዴል ስለ ዘገየ እስከ ኖቬምበር 1969 ቀጠለ። ስለዚህ ሳህኑ ላይ 10 ካለ ኦክቶበር 1968 ወይም ኦክቶበር 1969 ሊሆን ይችላል። የሚለየው ተራ ቁጥሩ ነው። ዝቅተኛ ተራ ቁጥር፣ ወር 10 እና የኤክስ ኮድ አንድ ላይ ከተገኙ ሳህኑ የዚያ መኪና አይደለም፤ ኮዱ በኦክቶበር 1968 ገና አልነበረምና። አዲስ ሳህን የሚያስቀርጹ ሰዎች የሚስቱት ይህን ነው።

ሞተር

ሊብሬ ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ጎን ለጎን ማየት የለመደ አንባቢ ልብ ይበል፦ የአሜሪካው የባለቤትነት ወረቀት ሞተሩን አይጠቅስም። ምስክሩ ብረቱ ራሱ ነው።

ከቀኙ ቴስታታ ፊት ለፊት፣ በብሎኩ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ቪ0225ዲዜድ የሚመስል ምት ይፈለጋል፦ ቪ የፍሊንት ሞተር ፋብሪካ፣ 0225 ፌብሩዋሪ 25፣ ዲዜድ የ1969 ዜድ/28። በ1967 እና በ1968 ኮዱ ኤምኦ ነው፤ በ1967 የጭስ መቀነሻ ፓምፕ ያለው ኤምፒ። ከጎኑ፣ ወይም በአንዳንድ የ1969 ሞተሮች ከዘይት ፊልትሮው በላይ ባለው ያልተላገ ብረት ላይ፣ እንደ 19ኤን እና ስድስት አሃዝ ያለ ከፊል የሻንሲ ቁጥር አለ።

ያ ጠፍጣፋ ቦታ በፋብሪካ ሲላግ ቀጭን ትይዩ መስመሮች ይቀሩበታል። ፊደል ለማጥፋት የተሞረደ ብሎክ መስመሮቹን ያጣል ወይም በእጅ የተጫረ ጠማማ መስመር ይታይበታል። ብሎኩ ለጥገና ዳግም ከተላገም ምቱ ይጠፋል፤ ስለዚህ ባዶ መሆኑ ብቻውን ማጭበርበርን አያሳይም። የጠፋውን ቁጥር መልሶ መምታት «እድሳት ነው» የሚሉ አዳሾች አሉ። ለገዢው ካልተነገረ ግን ስሙ ሌላ ነው።

የመቅረጫ ቁጥሩ (ብረቱ ቀልጦ በቅርጽ ሲፈስ ከብሎኩ ጋር አብሮ የሚወጣው) ከብሎኩ ጀርባ በሹፌሩ በኩል ነው። 3956618 እና 3970010 በ1969 ዜድ/28 ላይ ይገኛሉ፤ ሆኖም ሁለቱም ለሌሎች ሞተሮች አገልግለዋል፣ 3970010 ደግሞ በ1970ዎቹ ሁሉ ተመርቷል። የመቅረጫ ቀኑ የሚጻፈው በወር ፊደል፣ በቀንና በዓመቱ የመጨረሻ አሃዝ ብቻ ስለሆነ ቢ 12 9 የሚል ብሎክ ከ1979 የጭነት መኪና ሊሆን ይችላል። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፦ መጀመሪያ ብሎኩ ከቀለጠ ብረት ይቀረጻል፣ ቀጥሎ ሞተሩ ይገጣጠማል፣ መጨረሻ አካሉ ይሠራል። አካሉ 03ቢ ሆኖ ብሎኩ በኤፕሪል ከተቀረጸ ሞተሩ የመጣው በኋላ ነው።

የተቀሩት

ዜድ/28 ከአውቶማቲክ ካምቢዮ ወይም ከአየር ማቀዝቀዣ ጋር አልተሸጠም። ካምቢዮው መንሲ የሚባለው ባለ አራት ማርሽ ነው፤ ምቱ በፒ ይጀምራል፣ በ1969 በምቱ መጨረሻ ያለው ፊደል የካምቢዮውን ዓይነት ያሳያል፦ ኤ ኤም20ን፣ ቢ ኤም21ን፣ ሲ ኤም22ን። የመንሲ የወር ፊደሎች ተከታታይ አይደሉም (ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤች፣ ኬ፣ ኤም፣ ፒ፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ)፤ ኤፍ የሚል ካየህ ውሸት ነው። ዲፈረንሻሉ 12 ብሎን ያለው ሲሆን መደበኛው ሬሾ 3.73 (41 ለ11) ነው። በ1968 እና 1969 ባሌስትራው ባለ ብዙ ቅጠል ነው፤ አንዱ የኋላ ሾክ አብዘርበር ከአክሱሉ ፊት፣ ሌላው ከኋላ ይታሰራል። በእነዚህ ሁለት ዓመታት መኪና ላይ የፋብሪካው ባለ አንድ ቅጠል ባሌስትራ ከተገኘ ተራ መኪና ነበር። ካርቡራተሩ ሆሊ፣ የዝርዝር ቁጥሩ 4053 ነው። የኮፈን ሰንበር ምንም አያረጋግጥም፤ ገዢው እንዳይቀባ ማዘዝ ይችል ነበር።

ቫን ናይስ ላይ የኤክስ ኮድ ስላልነበረ ከዚያ የወጣ ዜድ/28 በሳህኑ አይታወቅም። የ1968 ሳህንም እንዲሁ ዝም ይላል። እዚህ ላይ ወረቀት ይፈለጋል፦ የብረት ዋስትና ካርዱ (ፕሮቴክት-ኦ-ፕሌት)፣ ወይም አንዳንዴ ከነዳጅ ታንከሩ በላይና ከወንበር ሞላ ስር የሚገኘው የመገጣጠሚያ ወረቀት። ካርዱ እንደገና ተመርቶ ስለሚሸጥ ከሞተሩ፣ ከካምቢዮውና ከአክሱሉ ምት ጋር ሆሄ በሆሄ ይመሳከራል። መጀመሪያ በካናዳ የተሸጠ መኪና ዕድለኛ ነው፤ የጂኤም (ጀነራል ሞተርስ፣ የሼቭሮሌት ባለቤት) ካናዳ መዝገብ ከየትኛው ጥቅል ጋር እንደ ወጣ ይነግራል።